መጻሕፍትን የጠበቁ ሰዎች

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፣ የመጽሔታችን አዘጋጆች ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዳንድ የታሪክ ጽሑፍ በጠየቁን ጊዜ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ መረጡ። እኔም አስቀድሜ ስለ ዐድዋ ልጽፍ አስቤ ነበር። በኋላ ግን ስለ ዐድዋ የሚጽፉ አራት ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ደግሞም በልቤ ብዙ ጊዜ ሲመላለስ የነበረ ሌላ ነገር ስላለ፣ ስለ መጽሐፍ ጠባቂዎች ለመጻፍ ቈረጥሁ። አንደኛው ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «እነሱ ደግሞ ምን ታሪክ አላቸው? ቁጭ ብለው አይደለም ወይ የሚውሉት?» ብሎ ሳቀብኝ። የሚከተለው ጽሑፍ ለእርሱ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሰዎች ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲናገሩ የሕንፃውን ስፋትና የመጻሕፍቱን ብዛት ያነሣሉ። በሩን ስለሚከፍተው፣ መጽሐፉ የት እንዳለ ስለሚያውቀው፣ ማን ወስዶ ማን እንዳልመለሰ በልቡ ስለሚይዘው ሰው ግን የሚናገር ጥቂት ነው። እኔ ያገራችንን ታሪክ እንደ ዐቅሜ ስመለከት፣ መጻሕፍቶቻችን ብዙውን ጊዜ የዳኑት የሚያውቃቸው ጠባቂ በነበራቸው ጊዜ፣ የጠፉትም ከጠባቂያቸው በተለዩ ጊዜ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ይህን አሳብ ያሳደረብኝ አንድ የተዘጋ በር ነው። ባለፈው ክረምት በዘመድ ጥየቃ ወደ አንድ ከተማ ሄጄ ነበር፤ የከተማውን ስም አልጠራም። በዚያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መኖሩን ሰምቼ በማግሥቱ ማለዳ ገሠገሥሁ። በሩ ተቈልፏል። በመስኮቱ መስተዋት ብመለከት መደርደሪያዎቹ በመጻሕፍት ሞልተዋል፤ በጠረጴዛዎቹ ላይ ግን አቧራ ተኝቶባቸዋል። ዘበኛውን «መቼ ይከፈታል?» ብዬ ብጠይቀው «የሚከፍቱት ሴትዮ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ፤ ምትክ እስኪመጣ ነው» አለኝ። «ከሄዱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» ብለው «ዓመት ከመንፈቅ» አለኝ። በዚያ ከተማ በቈየሁባቸው አራት ቀኖች ሁሉ በዚያ መስኮት አጠገብ ሳላልፍ አልዋልሁም። በሦስተኛው ቀን በመደርደሪያው ጥግ አንዲት አይጥ ስትሮጥ አየሁ። ሕንፃው አለ፤ መጻሕፍቱም አሉ፤ የጐደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጥንቱ ልመለስ። በመንዝ፣ በግሼም ሆነ በመርሐ ቤቴ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ ትንሽም ብትሆን የመጻሕፍት ቤት አለች። ስሟ ዕቃ ቤት ይባላል፤ ጠባቂዋም ገበዙ ነው። በዚያ መጻሕፍት እንደ ዛሬው በመደርደሪያ አይቆሙም። እያንዳንዱ መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ገብቶ በማንገቻው በግድግዳው ችካል ላይ ይሰቀላል። ከዳር ሆኖ ለሚያየው ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ከረጢት ነው። በጀርባው የተጻፈ ስም የለም፤ ቁጥርም የለም። የትኛው ገድል፣ የትኛው ድርሳን፣ የትኛው ስንክሳር እንደ ሆነ የሚያውቀው ገበዙ ነው፤ በጨለማም ቢሆን በእጁ ዳስሶ ያወጣዋል።

ብራና እንዴት ውድ ነገር እንደ ሆነ የዛሬ ልጆች አንረዳም። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፋቃል፤ ይወጠራል፤ ይሰመራል። ቀለሙ ከጥላሸት ተበጥብጦ ወራት ይቈያል። ጸሐፊው ደግሞ ጐንበስ ብሎ ዐይኑን ይጨርሳል። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይጻፋል። ነገር ግን ግዝት ሌባን ያስፈራ እንደ ሆነ እንጂ ዝናብንና አይጥን አያስፈራም። እነዚህን የሚከላከል ገበዙ ነበር። ጣራው ሲያፈስ ያስከድናል፤ ሰም የሚንጠባጠብበትን ዲያቆን ይገሥጻል፤ ክረምቱ ሲወጣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አውጥቶ ያናፍሳል።

ደግሞ ገበዙ የሚጠብቀው የጸሎት መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በወንጌሉ መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት ድንጋጌ፣ የኑዛዜና የስጦታ ቃል፣ የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። ሰዎች በመሬት ሲካሰሱ ያ መጽሐፍ ወጥቶ ይነበባል። ስለዚህ የድሮው ገበዝ በዛሬ አነጋገር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም የመዝገብ ቤት ሹምም ነበር ማለት ይቻላል። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ከዘመን ወደ ዘመን ጠብቆ እንዳቈየው የታወቀ ነው፤ የዕቃ ቤቱን መጽሐፍም የጠበቀው በዚያው ጥብቅነት ይመስለኛል።

እናቴ የግሼ ተወላጅ ስለ ሆነች፣ እኔም አባቴ ለሥራ ወደ ራቤል በተዛወረ ጊዜ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደዚህ ስለ መጣሁ፣ ከእነዚህ ገበዞች አንዱን በቅርብ ለማወቅ ታድያለሁ። የእናቴ አጎት ናቸው። እኛ ልጆች «አባባ» እንላቸዋለን። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁልጊዜ በበርኖሳቸው ውስጥ በጠፍር ታስሮ ይንጠለጠላል፤ ሌሊት በሚተኙበትም ጊዜ ከአንገታቸው አያወርዱትም። ወደ መጨረሻው ስለ እሳቸው እመለሳለሁ፤ አሁን ግን ከግሼ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወሎ ተሻግሬ ስለ መቅደላ ልናገር።

ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለማቆም አስበው እጅግ ብዙ መጻሕፍት በዚያ ሰብስበው ነበር። እውነቱን ለመናገር ንጉሡ እነዚህን መጻሕፍት አላስጻፏቸውም፤ አብዛኞቹን ከጎንደር አድባራት የወሰዱ ናቸው። የጎንደር ገበዞች በዚያን ቀን ምን እንደ ተሰማቸው ማሰብ አያስቸግርም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞተው መቅደላ በእንግሊዝ ጦር በተያዘ ጊዜ ደግሞ መጻሕፍቱ ለሁለተኛ ጊዜ ጠባቂ አጡ። ወታደሮቹ ያገኙትን ሁሉ ዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው መጥቶ ነበርና እርሱ ለሙዚየሙ ገዛ።

ከመጻሕፍቱ ወደ 900 የሚሆኑት እስከ ትግራይ ተጓዙ። ከእነዚህም ወደ 600 ያህሉ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ካህናት ተሰጡ፤ 350 ያህሉ ግን ባሕር ተሻግረው ለንደን ገቡ። በዚያ ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ ዝርዝራቸውን ጽፎ በ1869 ዓ.ም. አሳተመ። ዛሬም የሚገኙት በለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ይህን ሳነብ ሁለት ስሜት ያድርብኛል። መዘረፋቸው ያሳዝነኛል፤ የሚያውቃቸው፣ ቁጥርና ስም የሰጣቸው ሰው ማግኘታቸውን ደግሞ ልክድ አልችልም። ያሳዘነኝም በይበልጥ ይኸው ነው፤ ስማቸውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ሳሉ ተወስደው፣ ስም እንደገና የሚያወጣላቸው በባዕድ አገር መሆኑ።

ዓፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ ጽፈው ከተወሰዱት መካከል ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ መጽሐፉም ተመለሰላቸው። ከዚያ ሁሉ ብዙ መጽሐፍ መካከል ስለ ምን ይህን አንዱን ጠየቁ? ምክንያታቸው በመጽሐፉ ውስጥ ያገሩ ሕግ፣ የአድባራትና የአውራጃዎች ስም ስላለበት ሕዝቡ ያለ እርሱ አይታዘዘኝም የሚል ነበር። ከላይ ስለ ወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች የተናገርሁትን አንባቢ ያስታውስ።

እስከዚህ ድረስ ዕውቀቱ በገበዙ ልብ ውስጥ ነበር። ወደ ወረቀት ካወጡት ሰዎች አንዱ ደግሞ የእኛው አካባቢ ልጅ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ተወላጅ ናቸው። እኛ የምናውቃቸው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውና በደራሲነታቸው ነው፤ ነገር ግን በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚቈጥር ዝርዝር አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን አስፍተው አወጡ። ይህ ሥራ ሲያነቡት ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ የመጻሕፍት ስም ተከታትሎ የሚሄድበት ነውና። ነገር ግን አንድ ሰው ተቀምጦ «ምን አለን?» ብሎ መጠየቁ፣ መልሱንም በማተሚያ ቤት አሳትሞ ለሁሉ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ኅሩይ የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለ ነበረ የገበዝን ሥራ በሚገባ ያውቁት ነበር። እሳቸውም በስደት ሳሉ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ቤተ መጻሕፍቱን የምትጠብቅ አንዲት ሲስተር ነበረች። ትንንሽ ካርዶች የሞሉበት የእንጨት መሳቢያ ነበራት። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ ልጠይቃት ብሄድ መሳቢያውን አሳይታኝ «መጽሐፉ ከዚህ ውስጥ ነው» አለችኝ፤ እኔም እንዴት መጽሐፍ በዚያች መሳቢያ ይገባል ብዬ ተደነቅሁ። ካርዶቹ በደራሲ፣ በአርእስትና በጉዳይ ተለይተው ነበር። ታሪክ በ900 ቁጥር፣ ሃይማኖት በ200 ቁጥር ይገኝ ነበር፤ ይህም አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ19ኛው መቶ ዓመት ያወጣው አከፋፈል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በፊት እጅግ የቈየ ነው። በእስክንድርያ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት በነበረበት ዘመን ቃሊማኮስ የሚባል ባለቅኔ የደራሲዎችንና የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር በ120 ጥቅል ጽፎ ነበር ይባላል። ጥቅሎቹም መጻሕፍቱም ጠፍተዋል፤ የሰውዬው ስም ግን እስከ ራቤል ደረሰ።

ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ የሚሆን ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ የተከፈተው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ስሙ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተባለ። ሕዝቡ ግን የስሙን ራስ ጥሎ ጅራቱን ይዞ «ወመዘክር» ብሎ ጠራው፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ይጠራዋል። በትርጉም ብንሄድ ሰው «የት ነበርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እና መታሰቢያ» ብሎ እንደ መመለስ ነው፤ ሆኖም ማንም አይስቅበትም። በዚያ ቤት በኃላፊነት ካገለገሉት መካከል ደራሲው ከበደ ሚካኤል ይገኛሉ። እሳቸውም የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸውን በትምህርት ቤት ያላነበበ የለም፤ የሌሎችን መጻሕፍት መጠበቃቸውን የሚያውቅ ግን በክፍላችን ከእኔ በቀር አንድ ልጅ ብቻ ሆኖ አግኝቻለሁ።

በወመዘክር ከሠሩት መካከል አንዲት የውጭ አገር ተወላጅ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት በሩማንያ ተወልደው በእንግሊዝ አድገው በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በመጀመሪያ በወመዘክር፣ በኋላም የዩኒቨርስቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው አገለገሉ። ባለቤታቸው የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ሆኑ ብዙ ሰው እሳቸውን የሚያስታውሳቸው በባለቤታቸው ነው። ነገር ግን ከላይ ስለ መቅደላ መጻሕፍት የተናገርሁት ነገር እንደ ተራ ወሬ እንዳይቀር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ስለ ዓፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ጥናት አሳተሙ፤ መጻሕፍቱ ከየት እንደ መጡ፣ ወዴት እንደ ተበተኑ ተከታተሉ። የተበተነ መጽሐፍን ዱካ እንዲህ መከተል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ልማድ ነው፤ ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ቢጐድል እንቅልፍ አይወስዳቸውምና። ወይዘሮ ሪታ በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልቤን ወደ ነካው ሰው ደረስሁ።

በ1960ዎቹ መካከል የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ፎቶግራፍ ለማንሣት ሥራ ተጀመረ። አሳቡ ቀላል ነው። መጽሐፉ ከባለቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ግን በፊልም ይነሣል። እሳት ቢነሣ፣ ጣራ ቢፈርስ፣ ሌባ ቢመጣ፣ ቃሉ አይጠፋም። ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ተነሡ፤ የሥራው ጠቅላላ ቁጥርም በመጨረሻ ወደ 9 ሺህ ደረሰ። የፊልሙ ግልባጭ በአሜሪካ አገር በሚነሶታ ክፍል ሀገር፣ ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ ባለ የመነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ፊልም ማስቀመጥ ብቻውን ከዚያች ከዘጋቻት ቤት አይሻልም። እያንዳንዱን አንብቦ «ይህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው፤ በእገሌ ንጉሥ ዘመን ተጻፈ፤ በባዶው ቅጠል ላይ ይህ የመሬት ነገር አለበት» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. በሸዋ በሸንኮራ ተወለዱ። በካይሮና በጀርመን አገር ተምረው በዩኒቨርስቲያችን ያስተምሩ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ወደ ቤታቸው መጥተው በተኵስ አቈሰሏቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግራቸው መሄድ አልቻሉም። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ፤ ከዚያም ወደ ሚነሶታ ተሻገሩ። እስቲ አንባቢ ይህን ያስብ። አገሩን በግፍ የለቀቀ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው፣ በረዶ በሚወርድበት ሩቅ አገር፣ በፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ከመንዝ፣ ከቡልጋ፣ ከሐይቅና ከሌላውም የመጡ የብራና ቅጠሎችን በየቀኑ ይገልጣል። የበግ ቆዳ ሽታ የለም፤ የዕጣን ሽታ የለም። የጸሐፊው እጅ፣ የሰሙ ነጠብጣብ፣ የአይጡ ጥርስ ግን ሁሉም ከፊቱ አለ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በዚህ ዓይነት በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን መርምረው ዝርዝራቸውን በተከታታይ ጥራዞች አሳተሙ። የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች ዊልያም ማኮምበር የተባለ ሊቅ ጀምሮት ነበር፤ እሳቸው አብረው ሠርተው ቀጠሉት። በ1980 ዓ.ም. የማካርተር ሽልማት የሚባለው ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት ተሰጣቸው። ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። አንዳንድ ሰዎች ስለ እሳቸው ሲናገሩ ሊቅነታቸውን ብቻ ያነሣሉ፤ ልክ ነው፤ ሊቅ ነበሩ። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት ገበዝ ሆነው ይታዩኛል፤ ቁልፉ በሌላ አገር የቀረ፣ ችካሎቹን ግን በልቡ የሚያውቅ ገበዝ።

ሌላው ሰው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። የነጌሌ ቦረና ልጅ ሲሆኑ በደርግ ዘመን ተሰደው በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር። ለመደርደሪያቸው ከየአገሩ የሕፃናት መጽሐፍ ሲፈልጉ በአማርኛ የሚሆን አጡ። ሰውዬው በዚህ አዝነው ብቻ አልቀሩም፤ «ቂሉ ማሞ» የሚለውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር፣ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ ደግሞ መጻሕፍት የጫነ ጋሪ አህያ እየጐተተው ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረጉ። አህያ እህልና ውኃ ስትሸከም አይተናል፤ መጽሐፍ ተሸክማ ልጆች እየሮጡ ሲቀበሏት ማየት ግን ምንኛ ደስ ያሰኛል! የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ከዚህ የተለየ ነገር አይመስለኝም፤ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ወንበር፣ ልጆቹንም መጻሕፍቱንም በስም የሚያውቅ አንድ ሰው።

በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ አብርሆት የተባለ እጅግ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ፎቶግራፉን አይቼ ተደንቄአለሁ። እኔ ገና አልሄድሁም፤ በሄድሁ ጊዜ መጀመሪያ የማየው ግን በመግቢያው ጠረጴዛ የተቀመጠውን ሰው ነው።

እዚህ ራቤል የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቁት ሴት ስማቸው በመጽሔት እንዳይወጣ ስለ ለመኑኝ አልጽፈውም፤ ተማሪዎች ሁሉ «እትዬ» እያልን ስለምንጠራቸው ማን እንደ ሆኑ የማያውቅ የለም። ክፍሉ የተማሪዎች ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ለከተማው ሰው ይከፍቱታል። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለፈተና የሚዘጋጁ መምህራን፣ አንዳንዴም ጋዜጣ የሚፈልጉ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የተቀደደ መጽሐፍ ሲመለስላቸው አይቈጡም፤ ልጁን አስቀምጠው የዱቄት ሙጫ እንዲያበጥር ያደርጉታልና ቅጠሉን በገዛ እጁ ይለጥፋል። እኔም ሁለት ጊዜ ለጥፌአለሁ። አንድ ቀን ከሦስት ወር በፊት የተዋስሁትንና የረሳሁትን መጽሐፍ ሊጠይቁኝ ከቤታችን ድረስ መጡ። እናቴ ደንግጣ ቡና አፈላች። እሳቸው ስለ መጽሐፉ ምንም ሳይናገሩ ቡናቸውን ጠጥተው ሲነሡ «ሌላ አንድ ልጅ ደግሞ ይፈልገዋል» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላሳለፍሁም።

አባባን ያነሣሁት ስለዚህ ነው። ባለፈው ጥቅምት ዕቃ ቤቱን ሲያናፍሱ ለመርዳት ሄጄ ነበር። መጻሕፍቱን ከችካል እያወረድሁ በጓሮው በተነጠፈው ሰሌን ላይ ሳስቀምጥ፣ እሳቸው ማኅደሩን ገና ሲነኩ «ይኼ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ይኼ የቅዳሴ ነው፤ ይኼ ከጠላት ዘመን በፊት ከዘመድ የተሰጠ ነው» ይሉኝ ነበር። ዐይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን አይሳሳትም። አንዱን ሲያነሡ ትንሽ ዝም አሉና «ይኼን እኔ ዲያቆን ሳለሁ ፎቶ ሊያነሡት ይዘነው ሄደን ነበር። ሰው ሁሉ አይመለስም ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ተመለሰ» አሉኝ።

«አባባ፣ ያ ፎቶ ዛሬ አሜሪካ አገር አለ። አንድ የሸንኮራ ሰው ገልጠው አንብበውታል ይሆናል፤ ስሙንም ጽፈውታል» አልኋቸው።

«ታዲያ እዚህስ ማን ጻፈው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝቼ ተመለስሁ። በየገጹ ራስ ቁጥር ጻፍሁ። በእሑድ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ከችካሉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የመጽሐፉን ስም፣ ማን እንዳስጻፈው፣ የጐደለ ቅጠል እንዳለ፣ በባዶው ላይ የተጻፈውን ነገር፣ የተሰቀለበትን ችካል። አንዳንዱን እሑድ አራት እንጨርሳለን፤ አንዳንዱን ደግሞ አንዱ መጽሐፍ ታሪክ ያመጣባቸውና እስኪመሽ በእርሱ ላይ እንቀራለን። እስካሁን 31 ጽፈናል። በሰሜኑ ግድግዳ ያሉት አልተነኩም። እኔ በሰኔ ፈተና አለብኝ፤ ከዚያም በኋላ ወደ የት እንደምመደብ አላውቅም። ስለዚህ ደብተሩን የሚይዝልኝ ከዘጠነኛ ክፍል አንድ ልጅ ፈልጌ ባለፈው እሑድ ይዤው ሄድሁ። አባባ ልጁን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና እጁን አሳየኝ አሉት። ዘረጋላቸው። ጭቃ ነበረበት፤ ታጥቦ እንዲመለስ ወደ ምንጭ ላኩት።